በደብሊው አር ኤፍ የዝናብና የበረዶ ቅንብር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብሊው አር ኤፍ የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር ነው። የሚታዘዘው ኔምሊስት በሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ሞዴሉ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ሥራውን ይጨርሳል፤ የሚያወጣው ዝናብ ግን አይታመንም።

«አገራችን በረዶ አይጥልባትም፤ የበረዶው ስሌት ቢቀር ምንም አይጎድልም»

ይጎድላል፤ ያውም ብዙ። በክረምት ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል በላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የነጎድጓድ ደመና ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ያድጋል። ስለዚህ በጠብታ ከሚደርሰን ዝናብ ብዙው ላይ ሳለ በረዶ ነበር፤ የቀለጠው መንገድ ላይ ነው። ኔምሊስቱ ውስጥ የደመናና የዝናብ ስሌት የሚመረጥበት «ኤምፒ ፊዚክስ» የሚባል መስመር አለ፤ እዚያ 1 ከተጻፈ የሚሠራው የኬስለር ስሌት ነው፤ እሱ በረዶን ጨርሶ አያውቅም። ውሃ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ከስሌቱ ይቀራል፤ የደመናው እድገት፣ የዝናቡ ቦታና ሰዓት ይዛባሉ። በረዶን የሚያሰሉት ስሌቶች ቁጥር 6፣ 8 ወይም 10 ይጻፍ፤ ለትልቁም ለትንሹም የስሌት ክልል አንድ ዓይነት ቁጥር ይሁን።

እኛ ሁሉንም «በረዶ» እንላለን። እነዚህ ስሌቶች ግን የደመና በረዶን፣ አመዳይንና ግራውፐል የሚባለውን ለስላሳ እንክብል ይለያሉ። ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጣሩ በረዶ ከተፈለገ በ6 እና በ10 ላይ «ሄይል ኦፕት» የሚለው መስመር 1 ይደረጋል።

«ቁጥሩ ሲበልጥ ስሌቱም ይሻላል»

አይደለም። ቁጥሩ መለያ እንጂ ደረጃ አይደለም።

«ውጤቱ የየሰዓቱ ዝናብ ነው»

ሞዴሉ ዝናቡን በሁለት ስም ያወጣል፦ «ሬይን ሲ» ለትናንሽ ደመናዎች ከተጨመረው ረዳት ስሌት የሚመጣው፣ «ሬይን ኤን ሲ» ደግሞ ከ«ኤምፒ ፊዚክስ» ስሌት የሚመጣው ነው። ሁለቱም ሞዴሉ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመ ዝናብ ናቸው፤ በሚሊ ሜትር። ሁለቱ ይደመሩና ከኋለኛው ሰዓት የፊተኛው ይቀነሳል። ድምሩ በ12ኛው ሰዓት 18፣ በ15ኛው 25 ከሆነ፣ በሦስቱ ሰዓታት የዘነበው 7 ሚሊ ሜትር ነው። ደመናው እስኪረጋጋ የመጀመሪያዎቹን ከ6 እስከ 12 ሰዓታት መጣል ይመከራል።

የአመዳይና የበረዶ ጥርቅም የሆነው «ስኖው ኤን ሲ» እዚህ ላይ አይደመርም። «ሬይን ኤን ሲ» ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ልኩም ሲቀልጥ የሚሆነው ውሃ እንጂ የክምሩ ከፍታ አይደለም፤ ከፍታው «ስኖው ኤች» ላይ በሜትር ይገኛል።

«ሬይን ሲ ዜሮ ከሆነ ሞዴሉ ተበላሽቷል»

መጀመሪያ ረዳት ስሌቱ የሚመረጥበት «ሲዩ ፊዚክስ» የሚባለው የኔምሊስት መስመር ይታይ፤ 0 ማለት ረዳት ስሌት የለም ማለት ነው። ሞዴሉ እያንዳንዱን የስሌት ክልል በእኩል ሣጥኖች ይከፍላል። ስፋቱ 27 ወይም 9 ኪሎ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ አንድ የነጎድጓድ ደመና ተደብቆ ያልፋል፤ ስለዚህ ረዳት ስሌት ያስፈልጋል። በ3 ኪሎ ሜትር ግን ሞዴሉ ራሱ ያየዋል። ለሦስቱ ክልሎች በቅደም ተከተል 1፣ 1፣ 0 ይጻፋል። 0 ባለበት ክልል «ሬይን ሲ» ዜሮ ሆኖ ይቆያል፤ ዝናቡ በሙሉ «ሬይን ኤን ሲ» ላይ ነው።