የሽርት ውሃ ማነስና ሕክምናው በጅማ

የሽርት ውሃ በማህፀን ውስጥ ፅንሱን የከበበው ውሃ ነው። ፅንሱን ከግጭት ይጠብቀዋል፣ እትብቱ እንዳይጫን ያደርጋል፣ ሳንባው እንዲያድግም ያግዛል። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነው። ስለዚህ ሲያንስ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። ወይ ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ፅንሱ በበቂ አይሸናም። ሁለተኛው የሚመጣው እናትየው የደም ግፊት ኖሯት እንግዴ ልጁ ሲዳከም፣ እርግዝናው ቀኑን ሲያሳልፍ ወይም የፅንሱ ኩላሊት ችግር ሲኖርበት ነው። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ ዳይክሎፌናክም ውሃውን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው።

መጠኑ የሚታወቀው በአልትራሳውንድ ነው። የውሃው ጥልቀት በማህፀን ውስጥ ከአራት ቦታ ተለክቶ ድምሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ አለዚያም ውሃው በጣም የጠለቀበት ቦታ (ጥልቁ ኪስ) 2 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አንሷል ይባላል።

ጅማ ውስጥ ክትትሉ በጤና ጣቢያ ይጀመራል። ችግር ሲታይ ሪፈር ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይጻፋል። ማዕከሉ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ መዳረሻ ስለሆነ ከሩቅ ገጠር የሚመጡ እናቶችም ብዙ ናቸው።

ውሃውን የሚሞላ ክኒን የለም። ሕክምናው እንደ ምክንያቱና እንደ ሳምንቱ ይለያያል። ሰውነቷ ውሃ ያነሰው እናት እስከ 2 ሊትር ብትጠጣ መጠኑ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግን ለጊዜው ነው። በረመዳን ጾም ለራሷ ወይም ለፅንሱ የሰጋች ነፍሰ ጡር እንዳትጾም እስልምና ይፈቅዳል፤ ይህን ቤተሰብም ሊያስታውሳት ይገባል። ከ34 ሳምንት በፊት ቶሎ መውለዷ የማይቀር ከመሰለ የፅንሱ ሳንባ ቶሎ እንዲጎለብት ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይሰጣታል። ውሃው ያለ ጊዜው ከፈሰሰ ኢንፌክሽን እንዳይገባ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ጊዜ ካለ የፅንሱ ልብ ምትና የውሃው መጠን ደጋግሞ ይታያል። 37 ሳምንት ከሞላ ብዙውን ጊዜ ምጥ በመድኃኒት ይጀመራል፤ ፅንሱ ከታፈነ ደግሞ ኦፕራሲዮን ይሠራል። ምጥ ላይ እትብት ሲጫን በቀጭን ቱቦ የጨው ውሃ ወደ ማህፀን ማስገባትም ይቻላል።

የሚፈሰውን ውሃ ሽንት ነው ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ነፍሰ ጡሯ ንጹህ ሞዴስ አድርጋ እርጥበቱ ካላቆመ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለባት።