ሳይማ፦ የደቡብ ሕንድ ፊልምና ሙዚቃ የሽልማት ምሽቶች

የሕንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቦሊውድ ነው። ቦሊውድ ግን መቀመጫው ሙምባይ፣ ቋንቋው ሂንዲ የሆነ አንድ ኢንዱስትሪ ብቻ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ የራሳቸው ስቱዲዮ፣ የራሳቸው ኮከብና የራሳቸው ተመልካች ያላቸው ሌሎች አራት አሉ። የታሚሉ ማዕከል ቼናይ ነው። የቴሉጉው ሃይደራባድ፣ የካንናዳው ቤንጋሉሩ ነው። የማላያላሙ ደግሞ በኬረላ ክልል፣ በተለይም በኮቺ ከተማ ዙሪያ ይሠራል። ሕንድ በ1956 የክልሎቿን ወሰን በቋንቋ መሠረት ስታካልል እነዚህ አራት ቋንቋዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክልል አገኙ። ሲኒማውም በዚያው መስመር ጸና። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደቡብ ሕንድ ዓለም አቀፍ የፊልም ሽልማት፣ በአጭር ስሙ ሳይማ፣ አራቱንም በአንድ መድረክ የሚሸልም ዓመታዊ ዝግጅት ነው። መሥራቹ ፕሮዲዩሰሩ ቪሽኑ ቫርዳን ኢንዱሪ ነው። ይህ ሰው ተዋናዮች በየኢንዱስትሪያቸው ቡድን ሠርተው ክሪኬት የሚጋጠሙበትን ሊግም የጀመረ ነው። ኮከብ ባለበት ተመልካች እንደማይጠፋ ገብቶታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳይማ በጁን 2012 ዱባይ ላይ ተካሄደ።

ለደቡቡ ሲኒማ ሽልማት አዲስ ነገር አልነበረም። የታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ቤተሰብ የሆነው የፊልምፌር መጽሔት በ1954 ለሂንዲ ፊልሞች የጀመረውን ሽልማት በ1960ዎቹ ወደ ደቡብ ቋንቋዎችም አስፍቶታል። የክልል መንግሥታትም የየራሳቸው ሽልማት አላቸው። ሳይማ የተለየው ከአገር በመውጣቱ ነው። የሂንዲው ሲኒማ በ2000 ለንደን ላይ ተመሳሳይ ተጓዥ ሽልማት ጀምሮ ስለነበር መንገዱ የተጠረገ ነበር።

ያረፈባቸውን ከተሞች መቁጠር ደስ ይላል፤ የደቡብ ሕንዳውያንን የስደት ካርታ ያሳያልና። በ2013 ሻርጃ፣ በ2014 ኩዋላ ላምፑር፣ በ2016 ሲንጋፖር፣ በ2017 አቡዳቢ፣ በ2019 ዶሃ። ዱባይማ እንደ ቤቱ ነው፤ ደጋግሞ ይመለስባታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኬረላ የሄደ ሠራተኛ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ዱባይ የኖረ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሱቁም ካፍቴሪያውም በማላያሊዎች፣ ማለትም በኬረላ ሰዎች፣ የተሞላ ነው። ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ታሚል ከአራቱ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በማሌዥያም ትልቅ የታሚል ማኅበረሰብ አለ። አዳራሹ የሚሞላው በቱሪስት ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ያቺን ምሽት በሚጠብቅ ሰው ነው። ለነገሩ ማላያሊዎች ለእኛም ሩቅ አይደሉም። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያው ከኬረላ የመጡ ነበሩ።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ዝግጅቱ ሳይካሄድ ቀረ። በ2021 ሃይደራባድ ላይ የሁለት ዓመት ፊልሞች አንድ ላይ ተሸለሙ። በ2022 ቤንጋሉሩ ተረኛ ሆነች። ከ2023 ጀምሮ እንደገና ዱባይ ገባ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግን ረጅም። ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይና ተዋናዪት የሚባሉት ሁሉ አራት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ አንድ። ክፉውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተ፣ ኮሜዲያን፣ አዲስ ገቢ ተዋናይ፣ አዲስ ገቢ ዳይሬክተርም ድርሻ አላቸው። በአንድ ምሽት ስለማያልቅ ሁለት ቀን ይወስዳል። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያው ምሽት የቴሉጉና የካንናዳ፣ ሁለተኛው የታሚልና የማላያላም ሆኗል። በመሃል ጭፈራው፣ ቀልዱ፣ የኮከቦች መግቢያ አለ። ቴሌቪዥን ላይ ተቆራርጦ ሲቀርብ ይሻላል።

እጩዎቹን ዳኞች ይለያሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣል። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ሕንድ የኮከብ ደጋፊ ማለት ተራ ተመልካች አይደለም። ማኅበር አለው፣ ደም ይለግሳል፣ አዲስ ፊልም ሲወጣ በኮከቡ ግዙፍ ምስል ላይ ወተት ያፈሳል። ተዋናዩ ኤም ጂ ራማቻንድራን ከ1977 ጀምሮ የታሚሎቹ ክልል የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ሆኗል። ሌላው ተዋናይ ኤን ቲ ራማ ራኦ በ1982 ፓርቲ መሥርቶ በዓመቱ የቴሉጉ ተናጋሪዎቹን ክልል የአንድራ ፕራዴሽን ሥልጣን ያዘ። ምርጫ የሚያሸንፍ የደጋፊ ጦር የሽልማት ድምፅ ቢያዛባ ምን ይገርማል? በእኔ እይታ የሳይማን ዋንጫ የትወና ብቃት ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። የፍቅር ቆጠራም ነው።

የሙዚቃው ዘርፍ ከዚህ ትንሽ ይተርፋል። በሕንድ ፊልም ተዋናዩ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ሳይማ ለሙዚቃ ደራሲ፣ ለግጥም ደራሲ፣ ለወንድና ለሴት ድምፃዊ ለየብቻ ይሸልማል። ተመልካች ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ብቻ የሰማውን ሰው በዚህ ምሽት በአካል ያየዋል። የቋንቋውን አጥር የሚዘሉትም እነዚሁ ድምፃውያን ናቸው። በ2020 ያረፈው ኤስ ፒ ባላሱብራማኒያም አፍ መፍቻው ቴሉጉ ነበር። ግን ስድስት ብሔራዊ ሽልማቱን ያገኘው በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በካንናዳና በሂንዲ ዘፍኖ ነው። የኬረላዋ ቺትራ በአራቱም የደቡብ ቋንቋዎች ትዘፍናለች። ሽሬያ ጎሻል ደግሞ ጭራሽ ቤንጋሊ ናት፤ የደቡብን ሽልማቶች ግን ደጋግማ ወስዳለች። አንድ ተዋናይ በሌላ ቋንቋ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ድምፁ በሰው ይተካል። ዘፋኝ ግን ቃሉን አጥንቶ ራሱ ሊለው ግድ ነው።

የ2023ቱ ምሽት በተለይ የደመቀ ነበር። የቴሉጉው ፊልም አርአርአር በዚያው ዓመት ማርች ላይ በአንድ ዘፈኑ ኦስካር አግኝቷል። ሙዚቃውን የሠራው ኤም ኤም ኪራቫኒ፣ ግጥሙን የጻፈው ቻንድራቦስ ነው። ዱባይ ላይ ኤስ ኤስ ራጃሙሊ በዚሁ ፊልም የቴሉጉ ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ። ጁኒየር ኤን ቲ ራማ ራኦ፣ የዚያ የፓርቲ መሥራቹ ተዋናይ የልጅ ልጅ፣ ምርጥ ተዋናይነቱን ወሰደ።

ከሁሉም የገረመኝ የካንናዳው ውጤት ነው። ካንናዳ በአራቱ መሃል ለረጅም ጊዜ ዝምተኛው ወንድም ነበር። በ2022 ግን ኬጂኤፍ 2 ወጣ፤ የሂንዲ ቅጂው ብቻ በሕንድ ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አስገባ። በዚያው ዓመት ካንታራ ተከተለ። ያሽ በኬጂኤፍ 2 የምርጥ ተዋናይነቱን ዋንጫ አነሳ። የምርጥ ፊልሙን ዋንጫ ግን ከሁለቱ ግዙፎች አንዳቸውም አልወሰዱም። የሄደው ለ777 ቻርሊ ነው፤ ስለ አንድ ብቸኛ ሰውዬና ስለ ውሻው የተሠራ ፊልም።