«የዓይን ምስክር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ፣ በነፍስ ግድያ ስለተፈረደበት አንድ ሰው ወሬ ተነሣ። ፍርዱን የሚጠራጠር ነበር። አንዱ ግን «ሦስት የዓይን ምስክር ተሰምቶበታል፤ ምን ቂም ኖሯቸው ይዋሻሉ?» ብሎ ዘጋው። ይቺን ነገር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ጠበቃ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ወንድሜ፣ ማን ዋሹ አለ?

ብዙ ሰው ምስክርን እውነተኛና ሐሰተኛ ብሎ ለሁለት ብቻ ይከፍላል። ችሎት ላይ ክፉኛ የሚያስቸግረው ግን ሦስተኛው ነው፤ ከልቡ አምኖ የተሳሳተው። ሕጉም ያውቀዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 137 ላይ፣ መስቀለኛ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን ምስክሩን የሚጠይቀው) የሚቀርበው በዋናው ጥያቄ (ምስክሩን የጠራው ወገን በሚጠይቀው) ከተሰጠው መልስ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለማሳየት ነው ይላል። ስህተትና ውሸት ለየብቻ ተቆጠሩ ማለት ነው። የተሳሳተው ምስክር ቤቱ ገብቶ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። ለምን አይተኛ? አየሁ ያለውን ተናግሯላ።

የደንገል ታንኳ አይታችኋል አይደል? አዲስ ሲሆን ደረቅና ቀላል ነው። ውሃ ላይ በዋለ ቁጥር ግን ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ዳር ጎትቶ ያደርቀዋል። የሰው ትዝታም እንደዚያው ነው። ለጎረቤት ሲያወራ ጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ሲያወራ ጠጣ፣ መርማሪው «ቢላዋውን በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?» ሲለው ጠጣ (ስለ ቢላዋ ማን አወራ?)። ከሩቅ ሲያዩት ያው ታንኳ ነው፤ ክብደቱ ግን ግማሹ ውሃ ነው። ታንኳስ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ትዝታን ማን ያደርቀዋል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ያንኑ የመኪና ግጭት ፊልም እንዲያዩ ተደረገ። «ሲነካኩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ አሉ፤ «ሲላተሙ» በሚል ኃይለኛ ቃል የተጠየቁት 41 ገደማ። በአንድ ግስ!

«ሦስት ናቸው እኮ» አለኝ ሰውዬው። ሦስቱም የአንድ ሰፈር ሰዎች ከሆኑ፣ በአንድ ባጃጅ መጥተው ችሎት በረንዳ ላይ ሲያወሩ ከዋሉ፣ በአንድ ውሃ የረጠቡ ሦስት ታንኳዎች ናቸው።

የተፈረደበት ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ምስክሩ በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ የሰጠው ቃልም ቢሆን ፍጹም ደረቅ አይደለም፤ የተጻፈው በመርማሪው አማርኛ ነው። ይግባኝ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰበር ሰሚው ችሎት (ከይግባኝ በኋላ ያለው የመጨረሻው ችሎት) የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን እንጂ ምስክሩን እንደገና አይመዝንም። ስለዚህ የምስክሩ ነገር መጣራት ያለበት ገና ከሥሩ ነው።

«ታዲያ አንተ ማንን ታምናለህ?» አለኝ። መዝገብ ነው የማየው አልኩት። አንድ ጊዜ አንድ ምስክር ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው፤ ፊቱን መቼም አልረሳውም» አለ። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚያ ሌሊት ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት፣ ያየው በምታልፍ ባጃጅ መብራት ነው። በማግስቱ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ላይ የሰፈረው «አንድ ረዘም ያለ ሰው» የሚል ብቻ ነው።