«ሰማያዊው ያምራል» እና ስለ ቲታኒየም የሚወሩ ሌሎች ስህተቶች

የጅማ ዩኒቨርሲቲው ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥም ይሁን መርካቶ ጀርባ ባለ ጋራዥ፣ የትግል ሮቦት (ሌላ ሮቦት እየመታ የሚፋለም) ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ቲታኒየሙን ይዞ በያጅ ዘንድ ሲሄድ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው። ቁራጯ ብዙ ጊዜ በሰው ሻንጣ ከውጭ የመጣች ስለምትሆን አንዴ ከተበላሸች ምትክ የላትም።

«ከብረት ሁሉ ይጠነክራል፤ መምቻውንም ከእሱ ሥሩት»

ለሮቦት የሚፈለገው ግሬድ 5 የሚባለው ነው፦ 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም። ጥንካሬው ሮክዌል ሲ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 36 አካባቢ ነው። በእሳት የጠነከረ የመሣሪያ ብረት ግን ከ50 ያልፋል። ከቲታኒየም የተሠራ መምቻ ጥቂት ከመታ በኋላ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል። የቲታኒየም ጥቅሙ ክብደቱ ላይ ነው። 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሰሌዳ ከብረት ሲሆን 471 ግራም፣ ከግሬድ 5 ሲሆን 266 ግራም ይመዝናል። 1.36 ኪሎ ብቻ በሚፈቀድለት ሮቦት ላይ 205 ግራም ማትረፍ ማለት ተጨማሪ ባትሪ ማለት ነው። ስለዚህ አካሉና ጋሻው ቲታኒየም ይሁን፤ መምቻው ብረት ይሁን።

«ማግኔት ካልሳበው ቲታኒየም ነው»

አሉሚኒየምንም፣ ብዙውን የማይዝግ ብረትንም ማግኔት አይስበውም። ግራይንደር አስነኩት፤ ቲታኒየም ዓይን የሚወጋ ነጭ ፍንጣሪ ይረጫል። ካልተማመናችሁ በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ ውስጥ መዝኑት፦ 450 ግራም የነበረው ወደ 350 ከወረደ እሱ ነው።

«አይበሳም፤ ፍጥነት ጨምርበት»

ፍጥነት የጨመረ ሰው ፑንታውን (መብሻውን) ጨረሰ። ቲታኒየም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ በአሉሚኒየም ሥራ ከፍቅፋቂው ጋር የሚወጣው ሙቀት እዚህ የፑንታው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በተራ ፑንታ የመቁረጫ ፍጥነቱ በደቂቃ 10 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ወደ 530 ዙር ይሆናል። የእጅ ትራፓኖ እስከ መጨረሻው ሲጫን 2,800 ዙር ከመታ ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ፑንታው ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ምን ይገርማል? ኮባልት ያለበት ፑንታ ያዙ፣ ሰሌዳውን በሞርሳ ጥብቅ አድርጉ፣ ማቀዝቀዣውን ሳትቆጥቡ አፍስሱ፣ ከዚያ አምርራችሁ ግፉ፤ በአንድ ዙር 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ሳይቆርጥ የሚፋቅ ፑንታ የቀዳዳውን ገጽ ያጠነክርና ቀጣዩን ፑንታም ይበላል። ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት መቅረጫ ማሽኖች) ላይ በካርባይድ መቁረጫ ከሆነ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ሜትር መሄድ ይቻላል።

«ብረት አይቃጠልም»

ሰሌዳው አይቃጠልም፤ ቀጭኑ ፍቅፋቂና የግራይንደር ብናኝ ግን ይቃጠላል። ሲቀጣጠል ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለው ቲታኒየም ከውኃው ሃይድሮጅን ያወጣና እሳቱ ይብሳል። ማፈኛው ደረቅ አሸዋ ነው። በጅማ ክረምት ደጅ የተተወ አሸዋ ደረቅ አይደለም፤ ክዳን ባለው ባልዲ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ፍቅፋቂውንም በየቀኑ ጥረጉ።

«ስፌቱ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ሲወጣ ያምራል፤ ጥሩ ተበይዷል ማለት ነው»

ይህን የማይል በያጅ ማግኘት ይከብዳል። በስልኩ የጭስ ማውጫ ፎቶ አውጥቶ የሚከራከርም አለ። ቀለሙ የሚናገረው የጋለውን ቲታኒየም አየር እንዳገኘው ነው። ከ425 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይውጣል፤ የዋጠውን አይተፋም፣ ስፌቱም እንደ ብስኩት ይሰበራል። ብርማ ከሆነ ጋዙ ሸፍኖታል። ፈዛዛ ገለባማ ያልፋል። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ግራጫና ነጭ ዱቄት ላይማ ክርክር የለም። በብሩሽ ፈግፍጎ ብርማ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ቀለሙ ይሄዳል፣ ተሰባሪነቱ ውስጥ ይቀራል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቲግ (በማይቀልጥ ተንግስተን ዘንግና በአርጎን ጋዝ የሚበየድበት)፣ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ)፣ ቶርቹ ኔጌቲቭ ላይ፤ ኤሲ (ተለዋዋጩ) ለአሉሚኒየም ነው። አርጎኑ ከ99.995 በመቶ ያላነሰ ንጹሕ ይሁን። ለሚግ (ሽቦው ራሱ እየመጣ ለሚበይድበት ማሽን) የሚሸጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጋዝ ቲታኒየም አጠገብ አይድረስ። ባለ 2.4 ሚሊ ሜትር ተንግስተን፣ ጋዝ ሌንስ (ጋዙን ሳይረበሽ የሚያወጣ ወንፊት)፣ አፉ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ የሴራሚክ ጋዝ መውጫ፣ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር አርጎን። ለ3 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ከ90 እስከ 120 አምፔር። ጀርባውም ይግላልና ከሥር በአርጎን የተሞላ የአሉሚኒየም ቦይ ያስፈልገዋል፤ ከላይ ብርማ፣ ከታች ግራጫ የሆኑ ስፌቶች የሚመጡት ይህ ሲረሳ ነው። የሚቀልጠው ሽቦ ጫፍ ከጋዙ ከወጣ ቁረጡት። ስታቆሙ ቶርቹን ሳታንቀሳቅሱ ቢያንስ 25 ሰከንድ ቆዩ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክርንን ማስደገፍ እዚህ ላይ ይረዳል።

ሰሌዳው ለቲታኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በአሴቶን ይጸዳል፤ ከዚያ በባዶ እጅ አይነካም። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ አይቅረብ። በዝናብ ወራት ጠዋት ቀዝቅዞ ያደረ ሰሌዳ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበቱ ሃይድሮጅን ያመጣልና በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። በነበልባል አይሆንም፤ ነበልባል ራሱ ውኃ ያወጣል። በራችሁ ወደ መንገድ ክፍት ከሆነም ዝጉት፤ ትንሽ ነፋስ አርጎኑን ይወስደዋል።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። የማሽኑ የጋዝ ቫልቭ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት ወዲያው ይዘጋል፤ ስፌቱ እንደጋለ አየር ላይ ይቀራል። የጀርባውን ጋዝና ከቶርቹ ኋላ እየተከተለ የጋለውን ስፌት የሚሸፍነውን ጋዝ በማሽኑ በኩል አታሳልፉ፤ ከሲሊንደሩ በራሳቸው ሬጉሌተርና በእጅ በሚዘጋ ቫልቭ ይምጡ።

ወደ ሮቦቱ ከመሄዳችሁ በፊት 5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በይዳችሁ ሞርሳ ላይ እጠፉ። ጥሩ ስፌት ይታጠፋል፤ የተበከለው ገና ሲጀመር ቀጭ ይላል።

«ከብረት ጋር በይደው»

አይሆንም። ሁለቱ ሲቀልጡ የሚፈጥሩት ውህድ ገና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በብሎን እሰሩት። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳውን በ3.3 ፈንታ በ3.4 ብሱት፤ ጥርስ ማውጫው ውስጡ እንዳይሰበር ይረዳል። ብሎኑ ብረት ይሁን፣ ጥርሱንም መናከስ የሚከላከል ቅባት ቀቡት፤ ደረቅ ከገባ ቲታኒየሙ ይነክሰውና ሲፈታ አንገቱ ይቆረጣል።