የኮከቦች ኢኮኖሚክስ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቡና ላይ ኳስ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ነፍስ የሚያድን ሐኪም የወር ወጪው ሳይሸፈንለት፣ ኳስ ለሚመታ ሰው እንዴት ሚሊዮን ይከፈላል?»

መልሱን በደንብ ያብራራው ሼርዊን ሮዘን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ.። ሐሳቡ የኮከቦች ኢኮኖሚክስ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚያክመው አንድ ሰው ነው። የሜሲን ጎል ግን ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ የተቀመጠውም፣ ቦነስ አይረስ ያለውም እኩል ያየዋል። ተመልካች ስለበዛ ሜሲ ተጨማሪ አይሮጥም። ምርጡን ማየት ከተቻለ ደግሞ ሁለተኛውን ማን ያያል? ሁለት መካከለኛ አጥቂ ተደምሮ አንድ ሜሲ አይወጣውም። ስለዚህ የችሎታው ብልጫ ትንሽ ሆኖ፣ የገቢው ልዩነት የሰማይና የምድር ይሆናል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2025 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ላሉት አራት የውድድር ዘመናት የቴሌቪዥን ስርጭት መብቱን እዚያው አገሩ ውስጥ ብቻ በ6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጧል። ለውጭ አገር የሚሸጠው ሌላ ነው። የእኛም የመግቢያ ብር ዞራ ዞራ እዚያ ትደርሳለች። ይሄ በፈቃዳችን የምናወጣው ገንዘብ ነው፤ በዛ ብሎ መቆጣት ብዙም አይታየኝም።

ሐሳቡ የማይሠራው መንግሥት ከፋይ ሲሆን ነው። ኔይማርን በ2017 እ.ኤ.አ. በ222 ሚሊዮን ዩሮ የገዛው የፈረንሳዩ ክለብ ፒኤስጂ ከጀርባው የኳታር መንግሥት ገንዘብ ነበረው። ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚኖሩት በትኬት ሳይሆን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረ በኋላም ይህ አልተለወጠም። (በዚያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳው የኛው ፋሲል ከነማ ነው፤ ይሄን ሳልጠቅስ ባልፍ ሰፈር አልገባም።) እንዲህ ባለ ቤት የተጫዋችን ደሞዝ የሚወስነው የተመልካች ብዛት አይደለም፣ የበጀት ስብሰባ ነው። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የ50 ሺህ ብር የደሞዝ ጣሪያ ያወጡትም ወጪው ከአቅም በላይ ስለሆነባቸው ነው።

«ለስፖርት የሚወጣው በዛ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከሕዝብ በጀት የሚወጣ የፊርማ ገንዘብ ቢጠየቅበት ተገቢ ነው። ዐፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) ሲያገቡ እኔም ከሁሉም በላይ እጮኻለሁ። ግን በከተማ በጀት የሚኖር ክለብ ሁሉ ስንት እንደተቀበለ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለፊርማ፣ ስንቱ ለታዳጊዎች ሜዳ እንደዋለ በየዓመቱ ለነዋሪው ይንገር።