ያልታየው አክሲዮን እና የኮከብ ፍንዳታ

አክሲዮን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የባንክ ድርሻ ነው። የፊዚክሱ አክሲዮን ሌላ ነው። መኖሩ ገና ያልተረጋገጠ፣ ማንም ያልያዘው ቅንጣት ነው። ስሙን ያወጣለት የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ዊልቼክ ከአንድ የልብስ ሳሙና ላይ ነው የወሰደው።

ከኮከብ ጋር ምን አገናኘው? ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ የብረት እምብርቱ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ምድርን የሚያህል የነበረው እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጥቂት አስር ኪሎ ሜትር ወደሚሆን የጋለ ኳስ ይጨመቃል፤ የቀረው የኮከቡ አካል ደግሞ ይፈነዳል። ይህ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ይባላል። 99 በመቶ ያህሉን ጉልበት ይዘው የሚወጡት ኒውትሪኖዎች ናቸው፤ ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ ጥቃቅን ቅንጣቶች። በቴሌስኮፕ የምናየው ያ ሁሉ ድምቀት ፍርፋሪው ነው።

የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. (1987 እ.ኤ.አ.) ከአንድ እንዲህ ያለ ፍንዳታ የመጡ ኒውትሪኖዎች ምድርን አቋርጠው አለፉ። ኮከቡ የነበረው የእኛ ጎረቤት በሆነች ትንሽ ጋላክሲ፣ በትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ ነው፤ ከእኛ 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የነበሩ መሣሪያዎች ተደማምረው የያዙት ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነው። የጃፓኑ የካሚዮካ የውሃ ጋን እንዲያውም የተሠራው ለሌላ ሥራ ነበር፤ ፕሮቶን ሲፈርስ ለማየት። በኒውትሪኖ ዕድል ቀናው።

ቁም ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ኒውትሪኖዎቹ የደረሱት በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተዘርግተው ነው። ክዳኑ የተነሳ ድስት ቶሎ እንደሚበርድ ሁሉ፣ አክሲዮኖች ሙቀቱን ሹልክ አድርገው ቢያወጡት ኖሮ እምብርቱ ቶሎ ይቀዘቅዝ፣ ኒውትሪኖውም ቀድሞ ይቆም ነበር። አልቆመም። ስለዚህ አክሲዮን ካለ፣ ከተራ ቁስ ጋር ያለው ትስስር በጣም ደካማ መሆን አለበት። ወይም በተቃራኒው በጣም ጠንካራ፤ ያኔ እሱም እምብርቱ ውስጥ ይታፈናል። ከሁለት ደርዘን ቅንጣት ይህን ያህል መጭመቅ መቻሉ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አክሲዮን መሰል ከባድ ቅንጣቶች ደግሞ ሌላ ሚና ሊኖራቸው ይችላል። በኮምፒውተር ስሌት ፍንዳታውን የሚያስነሳው የግፊት ማዕበል መንገድ ላይ ይቆማል፤ እንደገና የሚገፋው በአብዛኛው የኒውትሪኖ ሙቀት ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ከእምብርቱ ወጥተው ላይኛው የኮከቡ አካል ውስጥ ቢፈርሱ ጉልበታቸውን እዚያው ያራግፋሉ፤ ማዕበሉንም ያግዙታል። እገዛው ከበዛ ግን ችግር ነው። ደካማ ሱፐርኖቫዎች በሰማይ ላይ ስለሚታዩ፣ ሁሉንም ኮከብ በኃይል የሚያፈነዳ ቅንጣት ከጨዋታ ውጭ ይሆናል።

ከካሚዮካ ቀጥሎ የተሠራው ሱፐር ካሚዮካንዴ 50,000 ቶን ውሃ ይዞ እየጠበቀ ነው። በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ ቢፈነዳ የሚይዘው ኒውትሪኖ በሺዎች ይቆጠራል።