የቸርኬ ስፋት ምንድን ነው? ለስፖርት መኪና ሲመረጥስ?

«17 በ8 ልግዛ ወይስ 17 በ9?» ስፖርት መኪና ያለው ሰው የፋብሪካውን ቸርኬ ለመቀየር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው ሁለተኛ ነው። ቀድሞ መመለስ ያለበት «የትኛውን ጎማ ልጫን?» የሚለው ነው። መንገዱን የሚነካው ጎማው ነው። ቸርኬው ጎማውን በትክክል ይዞ ማቆም ነው ሥራው።

ለመሆኑ ስፋቱ የሚለካው ከየት እስከ የት ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቸርኬ ስፋት ከውጭ ጫፍ እስከ ውጭ ጫፍ አይደለም። ጎማው በግራና በቀኝ ገብቶ በሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ማለትም ከከንፈሮቹ ወደ ውስጥ። ሜትር ይዛችሁ ከውጭ ብትለኩ አንድ ኢንች ያህል ይበልጥባችኋል። 7.5 የሆነው ቸርኬ 8.5 መስሎ ይታያል። ስለዚህ መለካቱን ተዉትና ከቸርኬው ጀርባ የተቀረጸውን አንብቡ። 17 በ7.5 ጄ የሚል ካገኛችሁ 17 ቁመቱ ነው፣ 7.5 ስፋቱ ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ጄ የሚለው ፊደል የከንፈሩን ቅርጽ እንጂ ስፋትን አይናገርም።

አሁን ጆንያ አስቡ። እህል የሞላበትን ጆንያ አፉን ጠበብ አድርጋችሁ ብትይዙት ሆዱ ወደ ጎን ይነፋል። አፉን ገለጥ አድርጋችሁ ብትይዙት ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎማም እንደዚያው ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ ጎኑ ያብጣል፣ ኩርባ ላይ ይልፈሰፈሳል። መሪውን ስታዞሩ መጀመሪያ የሚተጣጠፈው የጎማው ጎን ነው፣ መኪናው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፋ ባለ ቸርኬ ላይ ግን ጎኑ ይቆማል፣ መሪውም ወዲያው መልስ ይሰጣል። ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር ያው ጎማ ራሱ በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጎማው ላይ የተጻፈው የስፋት ቁጥር፣ ለምሳሌ 225 ሚሊ ሜትር፣ እንግዲህ ድርቅ ያለ ቁጥር አይደለም። በአንድ በተወሰነ ቸርኬ ላይ የተለካ ነው።

ለዚህም ነው ጎማ አምራቾች ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚፈቀደውን የቸርኬ ስፋት ከዚህ እስከዚህ ብለው የሚያወጡት። 215/45/17ን እንውሰድ፤ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፣ 17 የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። ይህ ጎማ ከ7 እስከ 8 ኢንች ይፈቀድለታል። 225/45/17 ከ7 እስከ 8.5 ነው፣ የተለካውም በ7.5 ነው። 245/40/17 ደግሞ ከ8 እስከ 9.5 ነው፣ የተለካበት 8.5።

እነዚህን ሦስት ጎማዎች የመረጥኩት ቶዮታ 86 የተባለውን ስፖርት መኪና ለማንሳት ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ሲወጣ በ17 በ7 ቸርኬ ላይ 215/45/17 ጎማ ነበረው። ጎማው ሚሼሊን ፕራይመሲ ሲሆን ነዳጅ ቆጣቢ ለሆነው የቶዮታ መኪና ለፕሪየስም ይቀርብ የነበረ ነው። ያኔ ብዙዎች ተገርመዋል፤ ስፖርት መኪና ላይ የፕሪየስ ጎማ! ነገሩ ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ዋና መሐንዲሱ ቴትሱያ ታዳ የፈለጉት መኪናው መንገድ ሙጭጭ አድርጎ እንዲይዝ ሳይሆን በመጠነኛ ፍጥነትም ኋላው ሸርተት እያለ ነጂውን እንዲያስደስት ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጂአር 86 በመነሻ ሞዴሉ ያንኑ የጎማ ቁጥር ይዞ ቸርኬውን ወደ 7.5 አሰፋ።

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ከዚህ ጋር አገናኙት። የጂአር 86 ባለቤት ትንሽ ተጨማሪ መጨበጥ ከፈለገ ቸርኬ መግዛት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። 225/45/17 የተለካው ራሱ በ7.5 ቸርኬ ነው፤ ልክክ ይላል። የጎማው ቁመት በ9 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር የፍጥነት መለኪያው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ሌላ ብዙ የሚቀየር ነገር የለም። ያን ሁሉ ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ ማዋል ይሻላል። 245 ካማረው ግን 7.5 አይሆንም፣ ትንሹ 8 ነው። ለስፖርታዊ አነዳድ ደግሞ 9 ያምርበታል። የ245/40/17 ቁመት ከፋብሪካው ጎማ የሚለየው በ2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከቁመት በኩል ምንም አያስቸግርም። ችግሩ ከጎን ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

«በጠባብ ቸርኬ ሰፊ ጎማ ጭነው የሚወዳደሩ አሉ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አሉ። አሜሪካ ውስጥ ኤስሲሲኤ የሚባለው ማኅበር ሰፊ ሜዳ ላይ ኮን እየደረደረ በሰዓት የሚያወዳድርበት ጨዋታ አለ፤ ኦቶክሮስ ይሉታል። ለፋብሪካ መኪኖች በተመደበው ክፍል የቸርኬውን ስፋት መቀየር ክልክል ነው። ተወዳዳሪው ያለው አማራጭ ጎማውን ማስፋት ብቻ ስለሆነ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ያስገድዳል። ያ የደንብ ጉዳይ ነው። ያው ሰው ደንቡ ቢፈቅድለት ቸርኬውን በዚያው ቀን ያሰፋው ነበር።

ከእነሱ የምንማረው አንድ ጥሩ ነገር ግን አለ። የጎማውን ትከሻ፣ ጥርሱ አልቆ ጎኑ የሚጀምርበትን ጠርዝ፣ በጠመኔ ያሰምሩበታል። አንድ ዙር ነድተው ይመለሱና ጎንበስ ብለው ያያሉ። ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ከጠፋ ጎማው ተገልብጦ በጎኑ ሄዷል ማለት ነው። ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ቸርኬው ጠቧል። ጥርሱ ጫፍ ላይ ብቻ ከጠፋ ልክ ነው። ብዙ ጎማዎች ትከሻቸው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው፤ መጥፋቱ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ከአምስት ሳንቲም ጠመኔ የሚገኝ እውቀት ነው።

ወደ ጎን ችግር እንመለስ። ስፋት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ኦፍሴት ከሚባለው ቁጥር ጋር ነው የሚነበበው። ኦፍሴት ቸርኬው ከመኪናው ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው መሃል ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። የጂአር 86 የፋብሪካ ቸርኬ 7.5፣ ኦፍሴቱ 48 ነው። በእሱ ፋንታ 9 ኢንች ኦፍሴት 45 ብታስሩ ቸርኬው ወደ ውስጥ በ16፣ ወደ ውጭ በ22 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከውስጥ አሞርዛተሩ ይጠብቀዋል፣ ከውጭ ፓራፋንጎው። ያው 9 ኢንች ኦፍሴቱ 35 ቢሆን ደግሞ ወደ ውስጥ 6 ብቻ ይገባና ወደ ውጭ 32 ይወጣል። ስፋቱ አንድ ነው፣ መኪናው ላይ ግን ሌላ ቸርኬ ነው። ሻጭ «9 ኢንች ነው፣ ይገባል» ሲላችሁ ኦፍሴቱን ሳትጠይቁ ብር አትቁጠሩ።

ሰፊ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ ወጥሮ መንዳትን ግን አልደግፍም። ለፎቶ ያምር ይሆናል። ነገር ግን የጎማው ጎን ወደ ውስጥ ስለሚዘም የቸርኬው ከንፈር ራቁቱን ይቀራል። ጉድጓድ ሲመታ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲነካ ቀድሞ የሚጎዳው ቸርኬው ነው። ከዚያ የሚያስፈራው ደግሞ አየሩ ትንሽ ሲጎድል ጎማው ከመቀመጫው ሊወጣ መቻሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶንና ጉድጓድ እያፈራረቀ ለሚነዳ ሰው ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም አደጋ ነው።

የእኔ ምርጫ? በየቀኑ ለሚነዳ 86፣ 225/45/17 በ8 ኢንች ቸርኬ። ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከንፈሩም ይሸፈናል፣ ኦፍሴቱ ከፋብሪካው ብዙ ካልራቀ ፓራፋንጎም አይነካም። ውድድር ሜዳ አዘውትሮ ለሚሄድ 245/40/17 በ9።

ቸርኬው ከታሰረ በኋላ ጎሚስታው ጋ ሳላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩና በጎማውና በአሞርዛተሩ መካከል ጣታችሁን አስገቡ። ከዚያ ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጡና እብጠት ባለበት መንገድ ዝግ ብላችሁ ሂዱ። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙና ፓራፋንጎውን ከውስጥ በእጃችሁ ዳብሱ፤ የነካበት ቦታ ለስልሶ ይጠብቃችኋል።